የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል?

በዕውቀት ስም የሚሠራ ሥራ ሁሉ፣ ሠሪው ቢያስበውም ባያስበውም፣ ከሁለት ዳኞች ፊት ይቆማል፤ አንዱ ዳኛ ሥራውን ብቻ የሚያይ ሰው ሲሆን ሁለተኛው ሥራውንና የሠሪውን ልብ ባንድነት የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። ቀድሞ የሰው ዳኝነት የዘገየ ስለ ነበረ፣ አንድ ሊቅ የድካሙ ዋጋ በትውልድ መካከል ምን ያህል እንደሚሆን ሳያውቅ ወደ መቃብር ይወርድ ነበር፤ ይህም አለማወቅ ለብዙዎች ኀዘን ቢሆንም ከትምክህት የሚጠብቅ አጥር ሆኖላቸው ኖሯል። በዘመናችን ግን አጥሩ ፈርሷል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የፋርማኮሎጂ ተመራማሪ፣ ማለትም መድኃኒት ወደ ሰውነት ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያጠና ሰው፣ ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመ፣ ጽሑፎቹን ሌሎች ስንት ጊዜ ዋቢ አድርገው እንደ ጠቀሷቸው፣ ከዓምና ዘንድሮ ምን ያህል እንደ ተጨመረ፣ በፈለገ ሰዓት ተደምሮ ያገኘዋል፤ የማዕርግ ዕድገቱም፣ ለምርምሩ የሚለምነው ገንዘብም፣ በባልንጀሮቹ ዘንድ ያለው ሞገስም ከዚሁ ድምር ጋር የተሳሰረ ሆኗል። እንግዲህ ይህ ቍጥር በእውነት የሚለካው ምንን ነው? የሚለካውስ ነገር የማን ገንዘብ ነው? የሚለው ጥያቄ ለሒሳብ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ የኅሊናና የሃይማኖት ጥያቄም ነው።

ነገሩን ከሥሩ ብናየው፣ ይህ አቈጣጠር ሲጀመር ለውዳሴ ከንቱ የታሰበ አልነበረም። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ አርአያ ያደረገው የአገሩ ጠበቆች ከ1873 ጀምሮ ይገለገሉበት የነበረውን የሼፐርድን ማውጫ ነበር። ጠበቃ አንድን የቆየ ፍርድ ይዞ ወደ ችሎት ከመቅረቡ በፊት፣ ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ጸንቶ መኖሩን ወይም በሌላ ፍርድ መሻሩን ማወቅ አለበትና፣ ማውጫው ኋለኞቹ ፍርዶች የፊተኛውን የት የት እንዳነሡት ይነግረው ነበር። ጋርፊልድም የሳይንስ ሰው እንዲሁ፣ የሚያነበው ጽሑፍ በኋለኞች ተደግፎ ወይም ተነቅፎ እንደ ሆነ ሳያውቅ በስሕተት ላይ እንዳይገነባ አሰበ፤ በፊላደልፊያ ያቋቋመው ተቋምም በ1964 የመጀመሪያውን ታላቅ ማውጫ አወጣ። ስለዚህ የጥቅስ ማውጫ በመጀመሪያ አሳቡ የአንባቢ መጠንቀቂያ ነበር። ዳሩ ግን የተጻፈ ነገር ይቈጠራል፣ የተቈጠረም ነገር ይወዳደራል፤ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳያልፉ አንባቢን ሊመራ የተሠራው ማውጫ ጸሓፊውን የሚዳኝ ሆነ።

ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያወጣው ኤች ኢንዴክስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ካሳተማቸው ጽሑፎች መካከል ሃያዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሃያ ጊዜ ከተጠቀሱለት ቍጥሩ ሃያ ይሆናል፤ ሃያ አንደኛው ጽሑፍ ግን ሃያ አንድ ጊዜ እስኪጠቀስና የቀደሙትም እስከዚያ እስኪደርሱ ድረስ ከሃያ አይነቃነቅም። ይህ ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ በዕድል የታወቀውን ሳይሆን ሳይታክት የሠራውን ለማክበር የታሰበ ነውና ጥበብ የለበትም አይባልም። ነገር ግን በዕድሜው አንዲት ጽሑፍ ብቻ ጽፎ በእርስዋ የሰውን ልጅ ከመቅሠፍት ያዳነ ሰው ቢኖር፣ ጽሑፊቱ መቶ ሺህ ጊዜ እንኳ ብትጠቀስ የዚያ ሰው ቍጥር እስከ ዘለዓለም አንድ ነው። ሚዛኑ ሐሰተኛ አይደለም፤ የተሠራበትን ነገር ይመዝናል፤ ሐሰት የሚሆነው እኛ ያልተሠራበትን ነገር እንዲመዝን ስናስገድደው ነው።

ይህን በጉልህ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ኦሊቨር ላውሪ በ1910 የተወለደ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የፋርማኮሎጂን ክፍል ከ1947 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የመራ ሊቅ ነበር። በ1951 ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንዳለ የሚለካበትን ዘዴ በባዮሎጂካዊ ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ አሳተመ። ዘዴው ይህ ነው፤ የሚመረመረው ፈሳሽ መዳብ ካለበት አልካሊ ጋር ይደባለቅና ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ከዚያም በኦቶ ፎሊን ስም የሚጠራው ኬሚካል ይጨመርበትና ፈጥኖ ይበጠበጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ፈሳሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊነቱም በጠለቀ መጠን ፕሮቲኑ መብዛቱ ይታወቃል። ነገሩ ይኸው ነው። አዲስ መድኃኒት የለበትም፣ የተፈታ የሕይወት ምሥጢርም የለበትም፤ የኬሚካሉም መሠረት ከእርሱ በፊት በነበሩ ሰዎች የተጣለ ነው። ነገር ግን በሰውነት ኬሚስትሪ የሚሠራ ሰው ሁሉ ፕሮቲን መለካት አለበትና፣ የለካም ሰው በምን እንደ ለካ መናገር አለበትና፣ «ኔቸር» የተባለው መጽሔት በ2014 ባስቈጠረ ጊዜ ይህች ጽሑፍ ከ305,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሳ ከዓለም የሳይንስ ጽሑፎች ሁሉ አንደኛ ሆና ተገኘች።

ላውሪ ራሱ በዚህ ነገር የሰጠው ቃል ከትሕትናው የተነሣ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ጽሑፉ ታላቅ ጽሑፍ አለመሆኑን እንደሚያውቅ፣ ዘዴው ከሌሎቹ በጥቂቱ ስለ ቀለለና ስለ ተሻለ ብቻ ሰዎች እንደ ወደዱት፣ ቢሆንም በስውር ደስ እንደሚለው ሳይሸሽግ ጽፏል። የልቡ ሥራ ሌላ ነበር። ከፀጉር የቀጠነ የኳርትዝ ክር በአንድ ጫፉ ተክሎ በሌላው ጫፍ ላይ አንዲት የነርቭ ሕዋስ ያስቀምጥና፣ ክሩ በክብደትዋ ምን ያህል እንደ ጐበጠ በማጉሊያ መነጽር እየተመለከተ ይመዝናት ነበር፤ ከዚያም በዚያች ብናኝ በምታህል አካል ውስጥ የሚሠራውን የኬሚካል ኃይል ይለካ ነበር። ዓይንንና እጅን፣ ትዕግሥትንና ሐሳብን የጠየቀው ይህ ጥበብ በጥቅስ ብዛት ከዚያ ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ በዓለም ላይ ከፍተኛውን ቍጥር ያገኘ ሰው ራሱ፣ ቍጥሩ ከሥራው ሁሉ ከፍ ያለውን ሥራ እንደማያመለክት ምስክር ሆኖብናል።

እንግዲህ ሦስት መቶ ሺህ ሰዎች ሐሰት ተናገሩን? አልተናገሩም። እያንዳንዳቸው ያሉት «በዚህ ሰው ዘዴ ተጠቅሜአለሁ» ነው፤ ያሉትም እውነት ነው። ጥቅስ በባሕርዩ የምስጋና ቃል ነው፤ ሰው ከሌላው የተቀበለውን እንደ ራሱ አድርጎ እንዳይቀመጥ፣ የተበደረውን ከነአበዳሪው የሚያስታውቅበት ሥርዓት ነው። ለዚህም ነገር በወንጌል ከተጻፉት ታሪኮች መካከል የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ የመሰለ መምሪያ አላገኝም። ዐሥሩም ነጽተው ሳለ፣ በታላቅ ድምፅ አመስግኖ የተመለሰው አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር፤ ጌታችንም የቀሩትን ስለ ምን እንዳልተመለሱ ጠይቋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች በተለይ ይታዩኛል። የመጀመሪያው፣ ዘጠኙ ባለመመለሳቸው ፈውሱ አልጐደለም፤ ዐሥር ሰው ተፈወሰ እንጂ አንድ ሰው ተፈወሰ አልተባለም። ሁለተኛውም፣ በመመለሱ ያተረፈው ፈዋሹ ሳይሆን የተመለሰው ሰው ነው፤ ከሥጋው ንጽሕና ሌላ የእምነቱን ቃል ሰምቶ ሄዷልና። ስለዚህ ምስጋና ግዴታነቱ በአመስጋኙ ላይ ነው፤ የሚያንጸውም አመስጋኙን ነው። የተመሰጋኙን ሥራ በአመስጋኞች ብዛት የሚለካ ሰው ግን ያን ቀን ወደዚያች መንደር ቢደርስ፣ የዳነው አንድ ሰው ነው ብሎ በመዝገቡ ይጽፍ ነበር።

ይህ አስተያየት ለአገራችን ጉባኤ ቤት እንግዳ አይደለም። በአንድምታ ትርጓሜ ውስጥ አንዱን ንባብ በሦስትና በአራት መንገድ የፈቱት መምህራን በየፍቺው ላይ ስማቸው ተለይቶ አይጠራም፤ «አንድም» ተብሎ ይታለፋል፤ ያን የመሰለ ጥልቅ ሐሳብ ማን እንዳፈለቀው ዛሬ ሊናገር የሚችል የለም። ነገር ግን ይህንኑ ትርጓሜ የተማረ ተማሪ ከማን ጉባኤ እንደ ዋለ፣ ቅኔውን ከማን እንደ ተቀኘ፣ ዜማውን ከማን እንዳስመሰከረ ቢጠየቅ የመምህሩን ስም በኩራት ይናገራል፤ የመምህሩም መምህር ማን እንደ ነበረ ይቈጥራል። የተናጋሪውን ስም መጽሐፉ ሲተወው፣ የተማሪው አፍ የመምህሩን ስም ይጠብቀዋል። ይህም አባቶቻችን የዕውቀትን ዕዳ ያስቀመጡት በተቀባዩ ትከሻ ላይ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ መምህሩ ስንት ተማሪ ስሙን እንደ ጠራለት እየቈጠረ የሚኖርበት መዝገብ አልተሠራለትም። እርግጥ ነው፣ በዚህ ልማድ የብዙ ሊቃውንት ስም ጠፍቷል፤ ይህን እንደ ጽድቅ ብቻ ቈጥሮ ማለፍ ለታሪክ አይጠቅምም። ነገር ግን ስም መጥራት የማን ግዴታ እንደ ሆነ በትክክል የተረዳ ልማድ ነው።

ጥቅስ ምስጋና ብቻ ሳይሆን ምስክርነትም ነው፤ ምስክርነት ደግሞ በሐሰት ሊሰጥ ይችላል። በጥር ወር 1980 ጄን ፖርተርና ኸርሸል ጂክ የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ደብዳቤ አወጡ፤ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች። ቃልዋም ሆስፒታል ተኝተው ከኦፒየም ዘር የሆነ የሕመም ማስታገሻ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከተሰጣቸው 11,882 በሽተኞች መካከል፣ ከዚያ በፊት ሱስ ያልነበረባቸውና በኋላ በግልጽ ሱስ የተያዙት አራት ብቻ ሆነው መገኘታቸውን የምታመለክት ነበረች። ደብዳቤዋ የተናገረችው በሆስፒታል አልጋ ላይ ስለ ነበሩ ሰዎች ነው፤ ቤታቸው ተቀምጠው ወራትና ዓመታት ስለሚውጡት ሰዎች አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሚያስደነግጥ ነው። በ2017 በዚያው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ደብዳቤዋ 608 ጊዜ ተጠቅሳ እንደ ነበር ቈጥሮ አገኘ፤ ከጠቃሾቹም 439ኙ መድኃኒቱ በሚታከሙበት ሰዎች ላይ ሱስ እምብዛም እንደማያመጣ ማስረጃ አድርገዋታል፤ 491ዱ ደግሞ በሽተኞቹ ሆስፒታል የተኙ እንደ ነበሩ እንኳ አላነሡም። ይህ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ የእነዚህ መድኃኒቶች ሱስ እንደ ወረርሽኝ ተስፋፍቶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። መጽሔቱም ከደብዳቤዋ ጋር አንባቢን የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ ለማያያዝ ተገደደ፤ ጂክም ቃሉ ለምን እንደ ዋለ ባየ ጊዜ ማዘኑን ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

በቍጥር መዝገብ ላይ ግን እነዚያ 608 ጥቅሶች ከላውሪ ጥቅሶች በምንም አይለዩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሆነው ተደምረዋል። ያነበበ ሰው የጠቀሰውና ሳያነብብ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ግርጌ የገለበጠው፣ ያመሰገነውና የነቀፈው፣ በትክክል የተረዳውና የጠመዘዘው በድምሩ ውስጥ አንድ ዋጋ አላቸው። ሕገ እግዚአብሔር በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል ምስክሩ ሆን ብሎ የዋሸ መሆን አለበት ብሎ ወሰን አላበጀለትም፤ ያላየውን አየሁ ብሎ የፈረመ ሰውም፣ ክፋት ባያስብ እንኳ፣ ከሐሰተኞች ጋር ይቈጠራል። ያላነበበውን ጽሑፍ ዋቢ አድርጎ የሚጠቅስ ተመራማሪ ያደረገው ይህንኑ ነው። በሌላው የጥናት ዘርፍ ይህ ስሕተት ሐፍረት ያመጣ ይሆናል፤ በመድኃኒት ጥናት ግን የስሕተቱ ዋጋ የሚከፈለው የዋቢዎቹን ዝርዝር በዓይኑ አይቶት በማያውቅ በሽተኛ ሕይወት ነው።

ይህም ወደ ሌላ ነገር ይወስደናል፤ የሕክምና ሥራ የመጨረሻ ባለዕዳ በሽተኛው ነው፣ በሽተኛ ደግሞ አይጠቅስም። ቱ ዩዩ የምትባለው የቻይና ተመራማሪ ታሪክ ይህን ያስረዳል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወባ የሰሜን ቬትናምን ሠራዊት ስለ ፈጀው የቻይና መንግሥት ግንቦት 23 ቀን 1967 በተጀመረበት ቀን የተሰየመውን ምሥጢራዊ «ፕሮጄክት 523» አቋቋመ፤ ቱም በ1969 በቤጂንግ በባህላዊ ሕክምና አካዳሚ የአንዱ ጓድ መሪ ሆነች። ከጥንታውያን መጻሕፍትና ከሕክምና ዐዋቂዎች አፍ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ መድኃኒት ሰበሰበች። አንዱ ቅጠል በመጀመሪያ ተስፋ ሰጥቶ ኋላ እምቢ ባላት ጊዜ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ ወደ ጻፈው የሕክምና መጽሐፍ ተመለሰች፤ በዚያም ቅጠሉ በውኃ ተነክሮ ጭማቂው ተጨምቆ እንደሚጠጣ እንጂ እንደሚፈላ አለመጻፉን አስተዋለች። ምናልባት እሳት ኃይሉን ያጠፋው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላው በኤተር አወጣችው፤ ጥቅምት 4 ቀን 1971 የተፈተነው ቍጥር 191 ናሙናም በአይጦች ላይ የነበረውን የወባ ተውሳክ ፈጽሞ አጠፋ። በሽተኛ ከመቅመሱ በፊትም እርስዋና ባልደረቦችዋ በገዛ ሰውነታቸው ቀመሱት።

የመድኃኒቱ የኬሚካል ቅርጽ በ1977 ለዓለም ሲገለጽ ግን ጽሑፉ የወጣው በተባባሪ ቡድኑ ስም ነበር፤ የማንም ግለሰብ ስም አልነበረበትም። ቱ የዶክትሬት ማዕርግ አልነበራትም፣ በውጭ አገር አልተማረችም፣ የአገርዋም ታላላቅ የሳይንስ አካዳሚዎች አባል አላደረጓትም፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ሲደርሳት ብዙዎች ስምዋን ገና መስማታቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሥራዋን በጥቅስ ብዛት የሚመዝን ጉባኤ ቢሰበሰብ ኖሮ በስምዋ የሚቈጥረው ምን ያህል ጥቂት በሆነ ነበር! በአንጻሩ ኢትዮጵያ በ2004 አርቴሜተር የተባለውን የዚህኑ ቅጠል ልጅ ከሉሜፋንትሪን ጋር አጣምራ ለወባ በሽተኞች መስጠት ከጀመረች ወዲህ፣ ኮአርተም የሚባለውን ኪኒን ውጦ ከትኩሳቱ የተነሣ ገበሬና የዳነ ሕፃን በቈላው አገር ሞልቷል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የቱ ዩዩን ስም አያውቅም። ከዐሥሩ ዘጠኙ ብቻ ሳይሆኑ ዐሥሩም አልተመለሱም ማለት ነው፤ ሳይመለሱም ድነዋል።

ምስጋናው ወደ ቱ ሲመጣ ደግሞ ከእርስዋ አልፎ ወደ ጌ ሆንግ፣ ከጌ ሆንግም አልፎ ቅጠሉን አስቀድመው ወደ ቀመሱ ስም የለሽ ሰዎች ይሄዳል። በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አየ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ሌላ ሰው ቈሻሻ ውኃ ብቻ ባየበት ስፍራ እርሱ መድኃኒት አየ። ከዚያ ወዲያ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረተ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። በአፍሪቃ የተሠራ ምርምር በአፍሪቃ ስለ ተሠራ ብቻ የሚጠራጠሩት መኖራቸውንም በአደባባይ ተናግሯል። የአክሊሉ ጥበብ በማስተዋሉ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን በዚያ ወንዝ ዳር እንዶዱን ወቅጠው ልብሳቸውን ያጥቡ የነበሩት እናቶችና ቅድመ አያቶቻቸው በየትኛው የዋቢ ዝርዝር ይገባሉ? የእነርሱ ዕውቀት ደራሲ የሌለው፣ ዓመተ ምሕረት የሌለው፣ ገጽ የሌለው ነውና ማውጫው ሊያነሣው አይችልም። እንዲህ ያለውን ዕዳ ጸሓፊው በገዛ አንደበቱ ካልመሰከረው በስተቀር የሚመሰክርለት አይገኝም።

ማውጫው የድኾችን ስም ለመያዝ ሲቸገር የባለጠጎችን ስም ግን ደጋግሞ ይጽፋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ የነበረው ሮበርት መርተን በ1968 ይህን ጠባይ የማቴዎስ ውጤት ብሎ ሰየመው፤ ያለው እንደሚጨመርለት፣ የሌለው ግን ያው ያለው እንኳ እንደሚወሰድበት በማቴዎስ ወንጌል ከተጻፈው ቃል የወሰደው ነው። ሁለት ሰዎች ባንድነት ሠርተው ጽሑፍ ቢያወጡ ክብሩ ቀድሞ በታወቀው ላይ ይከማቻል፤ የተጠቀሰ ጽሑፍ ስለ ተጠቀሰ ብቻ ዳግመኛ ይጠቀሳል። የሚያስገርመው ግን ይህችው ጽሑፍ ራስዋ በመርተን ስም ብቻ መውጣትዋ ነው፤ በውስጥዋ ያሉት ብዙዎቹ ማስረጃዎች ኻሪየት ዙከርማን የኖቤል ተሸላሚዎችን እየጠየቀች የሰበሰበቻቸው ነበሩ። መርተን ከዓመታት በኋላ ጽሑፉ በሁለቱም ስም መውጣት ይገባው እንደ ነበር ራሱ ጽፎ አመነ። የዓመፃን አካሄድ አጥርቶ ያወቀ ሰው እንኳ ያው አካሄድ በእጁ ሲፈጸም ሳያየው መቅረቱ፣ የዕዳ ሒሳብ በየጊዜው መመርመር ያለበት በባለዕዳው ኅሊና እንደ ሆነ ያስተምራል።

እስካሁን በተናገርሁት ላይ ጽኑ የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እኔም ቀላል አድርጌ አላየውም። ቍጥር ከሌለ ምን ይተካው? ለረጅም ዘመን በቦታው የነበረው ዝምድናና እጅ መንሻ፣ የአለቃ ፊትና የጓደኛ ምስክርነት ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ፣ አጋፋሪ የሌለው የድኻ ልጅ አንድ መልካም ሥራ ሠርቶ፣ የማያውቁት ሰዎች በአራቱ ማዕዘን ሥራውን ሲጠቅሱለት፣ ያ ድምር ከአለቃው ቂም የሚያመልጥበት ብቸኛ ጋሻው ሊሆን ይችላል። ቍጥር ፊት አይቶ አያዳላም፤ ይህም የፍትሕ ጠባይ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ይቃጠል የሚል ሰው፣ የሚያቃጥለው ለማን ጥቅም እንደ ሆነ ጠንቅቆ ሊያስብ ይገባዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍትም መቍጠርን በጠቅላላው አልነቀፉም። ሙሴ በሲና ምድረ በዳ ሕዝቡን በእግዚአብሔር ትእዛዝ ቈጥሯል፤ ከቍጥሩ የተነሣ አንዱ መጽሐፍ ኦሪት ዘኍልቍ ተብሎ ተጠርቷል። ዳዊት ግን ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መቅሠፍት ወረደ፤ ኢዮአብ የመሰለ የጦር ሰው እንኳ ነገሩን ተጸይፎ ንጉሡን ሊከለክለው ሞክሮ ነበር። ሁለቱም ቈጠሩ፤ የተቈጠረውም ያው አንዱ ሕዝብ ነበር። ልዩነቱን ከቈጣሪው ልብ እናገኘዋለን፤ ሙሴ የቈጠረው አደራ የተሰጠውን ሕዝብ በየነገዱ ሊያሰልፍና ሊመራ ነው፤ ዳዊት ግን የእግዚአብሔር የሆነውን ሕዝብ እንደ ገዛ ኃይሉ መጠን ሊያውቀው ወደደ። ጥቅስንም እንዲሁ መቍጠር ይቻላል። ቤተ መጻሕፍት የትኛውን መጽሔት እንደሚገዛ፣ ወጣት ተማሪ ከየትኛው ጽሑፍ ንባቡን እንደሚጀምር፣ አንድ አሳብ በዓለም ላይ እንዴት እንደ ተስፋፋ ለማወቅ መቍጠር የሙሴን ቍጥር ይመስላል። ተመራማሪው ራሱ የሌሎችን ምስጋና እንደ ርስቱ አጥሮ፣ በእርሱ ሲመካና ባልንጀራውን በእርሱ ሲንቅ ግን የዳዊትን ቍጥር ቈጥሯል፤ መቅሠፍቱም ሳይዘገይ ይመጣል፤ አንዱን ጥናት በሦስት ከፍሎ ማሳተም፣ የራስን ጽሑፍ ያለ ቦታው መጥቀስ፣ «ጥቀሰኝ፣ እጠቅስሃለሁ» ተባብሎ መማማል የዚያ መቅሠፍት ምልክቶች ናቸው።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያነሣነው ጥያቄ፣ ቍጥሩ የማን ገንዘብ ነው የሚለው፣ በዚህ ይመለሳል። የጥቅስ ድምር የጠቃሾች የዕዳ መዝገብ ነው፤ ምን ያህል ሰዎች ከአንድ ሰው እንደ ተበደሩ፣ ዕዳቸውንም እንዳመኑ ይነግረናል። የአበዳሪው የነፍሱ ክብርም፣ የሥራው ጥልቀትም፣ ያዳናቸው ሰዎች ብዛትም በዚያ መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም፤ ሊጻፍም አይችልም። የተጠቀሰ ሰው ላውሪ እንዳደረገው በስውር ደስ ቢለው ኀጢአት አይሆንበትም፤ ምስጋናን በደስታ መቀበል ሰብአዊ ነውና፤ ነገር ግን የሌላውን ምስጋና የገዛ ሥራው መመዘኛ አድርጎ በያዘው ጊዜ፣ ለእርሱ ያልተጻፈ ደብዳቤ እንዳነበበ ሰው ይሆናል።

ከዚህም የሚከተለው ግዴታ በየሰዉ ላይ የተለያየ ነው። የሚጠቅስ ሰው ያነበበውን ብቻ ይጥቀስ፤ ከማውጫ ውጭ የቀሩትንም፣ ቅጠሉን ያሳየውን መድኃኒት ዐዋቂም ሆነ በሌሊት አይጦቹን የጠበቀለትን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ በገዛ ቃሉ ያስታውስ። በማዕርግ ጉባኤ ላይ የሚቀመጥ ሰው ድምሩን ከማየቱ በፊት ከአመልካቹ ጽሑፎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይምጣ፤ ይህን ለማድረግ ጊዜ የለኝም የሚል ከሆነ ለመፍረድም ጊዜ የለውምና ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ። አመልካቹም ስንት ሰዎች እንደ ጠቀሱት ከሚዘረዝርበት ገጽ አጠገብ፣ እርሱ ራሱ የማን የማን ባለዕዳ እንደ ሆነ የሚናገርበት አንድ ገጽ እንዲጽፍ ይጠየቅ፤ ጉባኤውም ያንን ገጽ አስቀድሞ ያንብብ።